እራት ቀርቧል

ባለፈው ዓመት ለታናሽ ወንድሜ ሽምግልና ሄድን። አባታችን ስለሌለ የመጀመሪያውን ቃል እኔ እንድናገር ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፣ «ታላቅ ወንድም ቆሞ እኛ አንቀድምም፣ አንተ ክፈትልንና እኛ እንቀጥላለን» አሉኝ፣ እኔም እንቢ ማለት ነውር መስሎኝ እሺ አልኩ። ልጅቷ ቤት ስንደርስ እንደ ደንቡ ተቀመጡ ተባልን፣ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልንና ሳሎኑ መሀል ጋቢያችንን አጣፍተን ተደርድረን ቆምን። የልጅቷ አባት «እሺ፣ ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ። ከኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ማለት ብቻ ነው፣ አገር ምድሩ በቃሉ የሚያውቃትን። «ልጃችሁን ለልጃችን።»

«ል» ላይ ቆምኩ።

የሚንተባተብ ሰው ያውቀዋል፣ የማይንተባተብ ደግሞ ቢያስረዱትም አይገባውም፣ ቃሉ ጠፍቶህ አይደለም። ቃሉ እዛው ነው፣ ምላስህ ላንቃህ ላይ ተጣብቆ ቆሟል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። አንገትህ ይገተራል፣ ዓይንህ ሳታዝዘው ወደ ጎን ይሄዳል። ልክ ሊለቀኝ ሲል (ሊለቅ ሲል ይታወቀኛል እኮ) አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» ብለው ጨረሱት። ቤቱ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ የልጅቷ እናት እንደውም «አይዞህ የኔ ልጅ፣ የደስታ ነው» አሉኝ፣ «እንመክርበት» ተብሎ ቀጠሮ ተሰጠን፣ ኋላም ነገሩ ሰመረ፣ ወንድሜም አገባ።

እኔን ግን አልለቀቀኝም። ሽማግሌውን አልተቀየምኳቸውም፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ሊያድኑኝ ነው የፈለጉት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቃሌን ሲጨርስልኝ ነው የኖርኩት፣ ወያላው፣ አስተማሪው፣ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ያለችው ልጅ፣ ለምጄዋለሁ። የገረመኝ ያን ቀን ለምን እንደዛ እንደከነከነኝ ነው። አስቤ አስቤ የደረስኩበት፣ ያቺ ንግግር የኔ አይደለችም፣ ስክሪፕት ናት፣ ከኔ በፊት ስንቱ ብሏታል፣ ከኔ በኋላም ስንቱ ይላታል፣ ለአንዲት ቀን ግን ድርሻዋ ለኔ ደርሶ ነበር። አክተር መድረክ ላይ ወጥቶ ተራው ሲደርስ ሌላ ሰው ቃሉን እንደነጠቀው ያህል ነው የተሰማኝ። ከዛ ሰሞን ጀምሮ ነው እንግዲህ ስለ አሜሪካዊው አክተር ጄምስ ኧርል ጆንስ ያገኘሁትን ሁሉ ማየትና ማንበብ የጀመርኩት።

ድምፁን ሁላችንም እናውቀዋለን

ቤታቸው ዲሽ ገብቶ ያደጉ ልጆች ስሙን ባያውቁት እንኳ ድምፁን ያውቁታል። «ዚስ... ኢዝ ሲኤንኤን» የሚለው ያ ወፍራም ድምፅ፣ አባቴ ዜና ሲጠብቅ ቤታችንን የሚሞላው፣ የሱ ነው። የላየን ኪንግ ካርቱኑ አንበሳ ሙፋሳ እሱ ነው (1994፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በቪኤችኤስ ዘመን ሰፈሩ ሁሉ የሳቀበት የኤዲ መርፊ ፊልም ላይ ያለው የዛሙንዳ ንጉስም እሱ ነው፣ ያ የአንበሳ ቆዳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚንጎራደደው። እኔ በልጅነቴ ሰውየውን አገሬው አድርጌው ነበር፣ ለምዱ ትክክል የኛ አርበኞች ፎቶ ላይ ያለውን ስለሚመስል።

ከሁሉም የታወቀው ግን ፊቱ የሌለበት ነው። በ1977 የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ሲወጣ የክፉውን የዳርዝ ቬደርን ጥቁር ልብስና ጭምብል ለብሶ የሚራመደው እንግሊዛዊው ዴቪድ ፕራውስ ነው፣ ድምፁን ያስገባው ጆንስ። ጥቂት ሰዓት ሠርቶ 7,000 ዶላር እንደተከፈለው ራሱ በኢንተርቪው ተናግሯል። ስሙንም አላስጻፈም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች ላይ የለም፣ እኔ ስፔሻል ኢፌክት ነኝ ነበር የሚለው። በ1983 ሦስተኛው ሲወጣ ነው ስሙ የገባው።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ ከአምስት ስድስት ዓመቱ እስከ አስራ አራት ዓመቱ ድረስ ማለት ይቻላል አፉን ያልከፈተ ልጅ ነው።

ሁሉም የሚያወራው ታሪክ

በ1931 ሚሲሲፒ ውስጥ አርካቡትላ የምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ ገና በጠዋቱ ጥሏቸው ሄዷል፣ ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች ናቸው። አምስት ዓመት ሲሞላው አያቶቹ ይዘውት ወደ ሰሜን ሚሺጋን ተሰደዱና እርሻ ገቡ፣ ልጁም አገር ሲቀይር አንደበቱ ተያዘ። ለስምንት ዓመት ገደማ ክፍል ውስጥ የሚመልሰውን በጽሑፍ ነበር የሚመልሰው፣ እንደልቡ የሚያወራው ከእርሻው እንስሳት ጋር ነው።

ሃይስኩል ዶናልድ ክራውች የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ደረሰው። ጊዜው የጦርነት ነው፣ ክረምት ላይ መንግስት የላከው ግሬፕፍሩት በባቡር ተጭኖ እዛ በረዶ አገር ደረሰ፣ ልጁ ጣዕሙ ገርሞት ስለ ግሬፕፍሩት ግጥም ጻፈ። አስተማሪው ግጥሙን አየና ይሄ ያንተ ለመሆኑ ማስረጃው በቃልህ ክፍሉ ፊት ማለት ነው አለው። ወጣና አለው። አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ።

ይሄን ታሪክ ዩትዩብ ላይ ሞቲቬሽን የሚሸጡ ሰዎች ሲያወሩት ሰምቼ ሰልችቶኛል። መንተባተቡን አሸነፈ፣ እናንተም ትችላላችሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ። አላሸነፈውም እኮ! ራሱ እስከ እርጅናው ድረስ እንደሚንተባተብ፣ የሚይዘውን ቃል እያለፈ በሚለቀው እንደሚናገር ሲናገር ነው የኖረው። ግጥሙን በጣፋጭ ደግነት የታዘዘ አድርገው የሚያወሩትም አይዋጥልኝም፣ አስተማሪው ያወቀበት ሰው ነው፣ ግን ትዕዛዙ ውስጥ ጥርጣሬ አለ፣ ሰርቀህ ከሆነስ የሚል። ልጁ የወጣው ሌብነቱን ለማስተባበል ነው። የኛ ሰው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል፣ እሱ ራሱ ዞር ብሎ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል፣ ልጁ የመጀመሪያውን ለስምንት ዓመት ኖሮት ሁለተኛው ላይ የደረሰው ስሙ ሊጠፋ ሲል ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚቀጥለውን ስንኝ በቃሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቢያዝ እንኳ ማንም ሊጨርስለት አይችልም፣ አስተማሪውም ጭምር። አጠገቡ የነበረ ልጅ «አይዞህ» ብሎ ቃሉን ሊያቀብለው ቢፈልግ ከየት ያመጣዋል? የሚንተባተብ ሰው በቀን ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ቦታ አያገኝም። «ማ...» ስትል «ማኪያቶ?» የሚልህ አለ፣ «ወ...» ስትል «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮህልህ አለ፣ ሁሉም ቃል አስቀድሞ የሰው ነው። (ማኪያቶ ላይ ስለምያዝ ለስንት ዓመት ሻይ ነው ያዘዝኩት። ሻይ ጠጪ የሚሉኝ ጓደኞቼ ምርጫዬ ይመስላቸዋል። ታክሲ ላይ ደግሞ ወራጅ ማለት ሲያቅተኝ ከአንዱ ጎበዝ ወራጅ ጋር ወርጄ የምመለስበት ጊዜ አለ።)

«ሚሲስ ሩዝቬልት»

ከግሬፕፍሩቱ ይልቅ እኔ የምወደው፣ ሞቲቬሽን ሻጮቹ የማያወሩት አንድ ሌላ ቀን አለ።

ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሊሆን ገብቶ ወደ ድራማ ዞረ፣ ወታደር ቤት ገብቶ መኮንን ሆነ፣ ወጥቶ ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት አናጺና የመድረክ አስተባባሪ ሆኖ ሠራ፣ ከዛ ኒውዮርክ። ኒውዮርክ ውስጥ ፅዳት እየሠራ፣ ያን ጥሎት የሄደ አባቱን አግኝቶ፣ አባትየውም አክተር፣ ያውም በዛ በኮሚኒስት አደን ዘመን ሥራ የተከለከለ አክተር ነበር። ይሄ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ልለፈው።

በ1958 የኒውዮርክ ትልልቆቹ ቲያትሮች መንደር ብሮድዌይ ላይ፣ 48ኛ መንገድ ያለው ኮርት ቲያትር አንድ ፕሌይ ከፈተ። የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ታሪክ ነው፣ በ1921 ፖሊዮ ይዞት እግሩ አልታዘዝ ካለበት ጀምሮ በ1924 የፓርቲው ጉባኤ ላይ ተነስቶ ሰው ፊት ለንግግር እስከቆመበት ድረስ ያለው። ጆንስ የተሰጠው ሮል የቤት አሽከር ነው። መጥቶ ለሩዝቬልት ሚስት አንድ ነገር ይናገራል፣ «ሚሲስ ሩዝቬልት፣ እራት ቀርቧል።» ዕድሜው 27 ነው፣ ቁመቱ ግዙፍ ነው፣ ድምፁ ያው የምናውቀው ነው፣ ንግግሩ ደግሞ ስክሪፕት ላይ ሩብ መስመር አትሞላም።

«ሚ» ላይ ተያዘ።

ራሱ ነው የተናገረው። ሳነበው ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ፣ ምክንያቱም «ም»ን አውቃታለሁ። «ም» ከሌሎቹ የምትለየው ከንፈር ዘግታ መያዟ ነው፣ «ል» ላይ ቢያንስ አፍህ ክፍት ነው፣ «ም» ላይ ግን ሰው ሲያይህ ዝም ያልክ ነው የሚመስለው፣ ውስጥህ እየጮኸ። ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ አዳራሽ፣ መብራቱ ላይህ ላይ፣ ከንፈርህ ግጥም። ደግሞ እንደ ግሬፕፍሩቱ ግጥም አይደለም፣ ሁሉም ሰው ሊጨርሰው የሚችል ነው፣ አሽከር ገብቶ እመቤቲቱን ጠርቶ ከዛ በኋላ ሌላ ምን ሊል ነው? ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ሴትዮም ትገምተዋለች። ልክ እንደ «ልጃችሁን ለልጃችን»።

ግን ከታዳሚው ተነስቶ «እራት ቀርቧል ሊል ነው» የሚል የለም። ቲያትር ቤት ነዋ! ሳሎን ቢሆን ኖሮ ከአስር ሰው ዘጠኙ ይጨርስለት ነበር፣ እዛ ግን ሺህ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ተራህ ያንተ ነው እስክትጨርሰው ድረስ። ስለ መድረክ ብዙ ይባላል፣ ፍርሃት፣ ጭብጨባ፣ ምናምን፣ ለሚንተባተብ ሰው ግን መድረክ መጀመሪያ ይሄ ነው የሚመስለኝ፣ የማይነጠቅ ተራ።

በነጻ አይደለም ታዲያ። በተራ ኑሮ ውስጥ አንድ ማምለጫ አለን፣ ቃል መቀየር። ማኪያቶ ካልወጣ ሻይ። ስክሪፕት ግን ቃል አያስቀይርም፣ «እሜቴ፣ ምግብ ደርሷል» ልበል ብትል ደራሲው ይነሳብሃል። ስለዚህ መድረክ ማምለጫውን ወሰደበትና በምትኩ ጊዜ ሰጠው። እሱም ስምምነቱን ተቀበለ፣ ከዛ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ እየተመላለሰ እዛው መቆሙ ለኔ የሚገባኝ በዚህ በኩል ነው። ፕሌዩ ራሱ እግሩ አልታዘዝ ስላለው ሰው መሆኑ ደግሞ ይገርመኛል፣ ዋናው ተዋናይ የማይታዘዝ እግር እየተወነ፣ ጥግ ላይ ያለው አሽከር የማይታዘዝ ምላስ ይዞ፣ የሁለተኛውን ማንም ትወና ብሎ አላጨበጨበለትም።

ያ ኮርት ቲያትር ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ስሙ ተቀይሮ ጄምስ ኧርል ጆንስ ቲያትር ተባለ።

ከዛ በኋላ

ሽልማቶቹን አልዘረዝርም፣ ጎግል አለ። ሁለቱን ብቻ ላንሳ። በ1967 መጨረሻ ዋሽንግተን ዲሲ አሬና ስቴጅ ላይ የጀመረ፣ በ1968 ብሮድዌይ የገባ ፕሌይ አለ፣ በመጀመሪያው ጥቁር የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በጃክ ጆንሰን ሕይወት ላይ የተሠራ። ለዛ ቶኒ የሚባለውን የብሮድዌይ ሽልማት አሸነፈ፣ በ1970 ፊልም ሲሆን ለኦስካር ታጨ፣ ለምርጥ ዋና ተዋናይ ከሲድኒ ፖይቲየር ቀጥሎ የታጨ ሁለተኛው ጥቁር ወንድ ሆነ። ዲሲ ያላችሁ ወገኖቼ አሬና ስቴጅ እዛው ሳውዝዌስት ነው፣ ስንቶቻችሁ በታክሲ ሰው አድርሳችሁበታል።

ሁለተኛው የ1987ቱ ነው፣ ኦገስት ዊልሰን የጻፈው ፌንስስ የሚባል ፕሌይ። ትሮይ ማክሰን የሚባል፣ ፒትስበርግ ውስጥ ቆሻሻ የሚያነሳ፣ ቤዝቦል የቀረበት፣ አፈኛ አባት ሆኖ ተጫወተ። ትሮይ ለማንም ተራ አይሰጥም። ሚስቱ ስትናገር ይገባል፣ ልጁ ሲናገር ይገባል፣ ልጁ ለምን አትወደኝም ብሎ ሲጠይቀው ጥያቄውን አፉ ላይ መልሶ ንግግር ይደረድርበታል። ቪዲዮ ላይ ያለውን ትንሽ ቁራጭ ደጋግሜ አይቻለሁና ሁሌ የማየው ልጁን ነው፣ እንዴት ቆሞ እንደሚሰማ። ቃል የተነጠቀ ሰው ቃል የሚነጥቅ ሰው ሆኖ ሲጫወት ከየት እንደሚያመጣው መጠየቅ አያስፈልግም፣ ነጣቂዎቹን ስምንት ዓመት በቅርብ ሲያያቸው ነበር።

ከፈረመ በኋላ

በ2022 የስታር ዋርስ ተከታታይ ሲሠራ የዛ ጥቁር ለባሽ ድምፅ የተሠራው በማሽን ነው። ሪስፒቸር የሚባል የዩክሬን ኩባንያ ከድሮ ቅጂዎች ተነስቶ ሠራው፣ አገራቸው እየተደበደበ። ጆንስ ፈቅዷል፣ ዘጠና ዓመት አልፎታል፣ ድምፁ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ያውቃል፣ ፈረመ። በመስከረም 2024 በ93 ዓመቱ አረፈ።

በግንቦት 2025 ደግሞ ዳርዝ ቬደር በማሽን በተሠራ የጆንስ ድምፅ ፎርትናይት የሚባል ጌም ውስጥ ገባ። ተጫዋቹ የፈለገውን ይጠይቀዋል፣ እሱ በዛ ድምፅ ይመልሳል። ቤተሰቡ ፈቅዷል፣ ይሄ መነገር አለበት። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች ስድብ አስወጡትና ኩባንያው ሮጦ አስተካከለ፣ የአክተሮቹ ማህበር ሳግ አፍትራም ሳያነጋግሩን የሰው ሥራ በማሽን ተኩ ብሎ ክስ አቀረበ። የኛዎቹ ወጣቶች ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ሼር እያደረጉ ሲስቁ ነበር፣ እውነት ለመናገር የመጀመሪያውን ሳይ እኔም ስቄያለሁ።

ሰዉ የተናደደው በስድቡ ነው። እኔን የከነከነኝ ስድቡ አይደለም፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ አንዷን ቃል በሌላዋ እየተካ፣ የምትይዘውን እያለፈ፣ እያንዳንዷን መርጦ የተናገረ ሰው ነው። አሁን አንድ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ጥያቄ ይጽፍለትና እሱ ሳይመርጥ ይመልሳል። ጨረሱለት ማለት ነው። ሽማግሌው እኔን እንደጨረሱልኝ፣ ያውም በገዛ ድምፁ። ከዛ ደግሞ ራሴን እሞግታለሁ፣ ፈርሟል እኮ፣ ያወቀ ሰው ነው፣ ድሮም ለዚህ ሮል ስሙን አላስጻፈም፣ ስፔሻል ኢፌክት ነኝ ያለው እሱ ነው፣ አንተ ከሱ በላይ ለሱ ትቆረቆራለህ ወይ? ምናልባት ለቤተሰቡ ገቢ መተው ፈልጎ ይሆናል፣ ምናልባትም ያ ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ከመጀመሪያውም የሱ እንዳልሆነ ያስብ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ሀሳብ ነኝ፣ አንድ ቀን ፈቃዱ ይበቃል እላለሁ፣ በማግስቱ አይዋጥልኝም።

ማሽኑ ግን «ም» ላይ አይያዝም። መቶ ሺህ ጊዜ «ሚሲስ ሩዝቬልት» በለው፣ እንደ ውሃ ይለዋል።

በ2015፣ በ84 ዓመቱ፣ ብሮድዌይ ላይ አንድ የመጨረሻ ፕሌይ ሠራ። መጦሪያ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሽማግሌዎች ካርታ እየተጫወቱ የሚያወሩበት ነው፣ ሌላ ተዋናይ የለም። አብራው የተጫወተችው ሲስሊ ታይሰን ናት፣ 90 ዓመቷ፣ በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ፕሌይ ላይ አብረው የነበሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መድረኩ ላይ ያሉት እሷና እሱ ብቻ ናቸው፣ አንዱ ካርታ ሲሰጥ ሌላው ይጠብቃል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፣ ብሮድዌይ እንደ ልማዱ በሳምንት ስምንት ጊዜ ያሳያል። በዛ ዕድሜ ሁለቱም ቃል ሊጠፋባቸው የሚችል ሰዎች ናቸው፣ ያንን እያወቁ ነው በየማታው የወጡት። ለፎርትናይቱ የተሠራውን ድምፅ በስልኬ በነጻ ሰምቼዋለሁ፣ ይሄኛውን ለማየት ግን በበረንዳ መቀመጫም ቢሆን፣ ከኋላ ተደግፌም ቢሆን፣ የአንድ ወር ደሞዜን እሰጥ ነበር።